በሁለት ቁጥር መሃል ስትወድቁ፦ የልብስ ልክን ወዴት እናጠጋጋ?

ወገባችሁን ለካችሁ፤ 74 ከግማሽ መጣ። የመግዣ ሰንጠረዡ ግን የሚያውቀው 72ን እና 76ን ብቻ ነው። ሂሳብ የሚወድ ሰው "ወደ 76 ይቀርባል፣ ውሰደው" ይላል። ልብስ ሰፊ ግን እንዲህ ቸኩሎ አይመልስም። መጀመሪያ የሚጠይቀው "ልብሱ ምንድነው? ጨርቁስ ይለጠጣል?" ብሎ ነው።

ልብስ ሰፊው ልክ ነው። ክፍል ውስጥ ቁጥር ስናጠጋጋ ወደ ላይ ብንስትም ወደ ታች ብንስት ያው ነው። ልብስ ላይ ግን ሁለቱ ስህተቶች አንድ አይደሉም። ሁለት ሴንቲ የሰፋ ሱሪ ይጠበባል፤ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ሁለት ሴንቲ የጠበበ ሱሪ ግን ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ካልተተወለት ለሌላ ሰው ከመስጠት በቀር መላ የለውም። ስለዚህ ከታች ያሉትን መንገዶች የማነጻጽራቸው በአንድ ዋና ጥያቄ ነው፦ ብንሳሳት የትኛው ስህተት ይስተካከላል?

## ከማጠጋጋት በፊት ልኩ ራሱ ይታመን

ወገብ ጠዋት እና ከምሳ በኋላ አንድ አይደለም። ደረት ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ይለያያል። ሜትሩ ከጀርባ በኩል ትንሽ ዝቅ ካለም ቁጥሩ ይዛባል። ስለዚህ መስታወት ፊት ቁሙና ሜትሩ ዙሪያውን ከወለሉ እኩል መሄዱን እዩ። ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቅ። ሆድ አይሳብ። ሁላችንም ሜትር ስናይ እንስበዋለን፤ ግን ሱሪው ቀኑን ሙሉ አይስብላችሁም።

ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መሃለኛውን ቁጥር ያዙ። በግማሽ ሴንቲ ደረጃ መመዝገብ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ያለውን ሚሊሜትር ማሳደድ ድካም ብቻ ነው። ሜትራችሁ ያረጀ የጨርቅ ሜትር ከሆነ ደግሞ አንዴ ከብረት ማስመሪያ ጋር አስተያዩት። የተለጠጠ ሜትር ከእውነተኛው ልክ ያነሰ ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ እናንተም ሳታውቁት ሁልጊዜ አነስ ያለ ልብስ ትገዛላችሁ።

ሌላው ነገር፦ አንዴ ብቻ አጠጋጉ፤ እሱንም መጨረሻ ላይ። ወገባችሁ 82.5 ሴንቲ ነው እንበል፤ ጂንሱ ደግሞ የሚቆጠረው በኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ነው። 82.5 ለ2.54 ሲካፈል 32.48 ይመጣል፤ ቅርቡ 32 ነው። አሁን ግን መጀመሪያ 82.5ን ወደ 83 አጠጋግታችሁ ከዚያ ብታካፍሉት 32.68 ይሆንና ቅርቡ 33 ይሆናል። ያው ወገብ፣ ሌላ ሱሪ። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ ያልተጠጋጋው ልክ ይቀመጥ።

## በምን እንመዝን?

ከሁሉ በፊት ልብሱ ወደየት ሊስተካከል እንደሚችል እንይ። ማጥበብና ማሳጠር በአብዛኛው ይቻላል። ማስፋት የሚቻለው ግን ስፌቱ ውስጥ የተተወ ጨርቅ ሲኖር ነው። ልብሱን ገልብጡትና ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጫፍ ያለውን እዩ። የሙሉ ልብስ ሱሪ ከኋላ መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሴንቲ ይተውለታል። ጂንስ፣ ቲሸርትና ሸሚዝ ላይ ግን ትርፉ ለስሙ ያህል ነው። ትከሻ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። የኮት ትከሻ ከሰፋ ለማስተካከል እጅጌው መነቀል አለበት፤ ሥራውን የሚወደው ልብስ ሰፊ ጥቂት ነው፣ በደንብ የሚያወጣው ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ጨርቁ ሁለተኛው ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ አንድ ሁለት ሴንቲ ይምራችኋል። የማይለጠጥ አይምርም። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ይሸሻል፤ ያልታጠበ ጥጥና ሊኖ (ከተልባ ተክል የሚሠራ ጨርቅ) በመጀመሪያው አጠባ ይሰበሰባሉ። ዙሪያው 100 ሴንቲ የሆነ ሸሚዝ 3 በመቶ ቢሰበሰብ 3 ሴንቲ ጠፋ ማለት ነው። በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 4 ሴንቲ በሚሆንበት ሰንጠረዥ አንድ ቁጥር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሰንጠረዡ የሚያወራው ስለ ሰውነታችሁ ነው ወይስ ስለ ልብሱ? የሰውነት ሰንጠረዥ "92" ሲል ደረቱ 92 ለሆነ ሰው የተሰፋ ማለቱ ነው። ልብሱ ራሱ ተለክቶ 98 ወይም 100 ሊወጣ ይችላል፤ ትርፉ ለመተንፈስና እጅ ለማንሳት የተተወ ነው። የልብስ ሰንጠረዥ "92" ካለ ግን ጨርቁ በቃ 92 ነው። ደረቱ 92 የሆነ ሰው የማይለጠጥ ሸሚዝ በዚያ ልክ ቢለብስ ቁልፎቹ ይወጠራሉ። ይህን ሳያጣሩ ማጠጋጋት ከንቱ ነው፤ የሚፈጠረው ስህተት ማጠጋጋት ከሚያመጣው በእጥፍ ይበልጣል።

አራተኛው በቁጥሮቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ኢ.ኤን. 13402 የተባለው የአውሮፓ የልብስ ልክ ደረጃ የሴቶችን የደረት ዙሪያ 84፣ 88፣ 92 እያለ እስከ 104 ድረስ በ4 ሴንቲ ይወስደዋል። ከ104 በኋላ ወደ 110፣ ከዚያ ወደ 116 ይዘላል፤ በ6 ሴንቲ ማለት ነው። በ4 ሴንቲ ርቀት ላይ ብታጠጋጉ ቢበዛ በ2 ሴንቲ ትስታላችሁ፤ በ6 ላይ በ3። በቁጥር ፋንታ የሚጻፉት ፊደሎች (ኤስ፣ ኤም፣ ኤል) ከዚህም ይሰፋሉ። በዚሁ ደረጃ የሴቶች ሚዲየም ደረታቸው ከ90 እስከ 98 የሆነውን ሁሉ ያቅፋል፤ ሁለት ቁጥር በአንድ ከረጢት እንደማለት ነው። ሚዲየም ለብሳችሁ "ለምን እንዲህ ሆነብኝ?" ካላችሁ ጥፋቱ የሰውነታችሁ ላይሆን ይችላል።

የመጨረሻው መመለስ መቻሉ ነው። ለብሶ ሞክሮ መመለስ የሚቻል ከሆነ ይህን ሁሉ ማሰብ አያስፈልግም፤ ሁለቱንም ቁጥር ወስዶ አንዱን መመለስ ነው።

## አንደኛው መንገድ፦ ወደ ቅርቡ ቁጥር

ሁሉም ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ይህን ነው። ብዙ ጊዜም ይሠራል። ወገባችሁ 72.5 ከሆነ 72፣ 75.5 ከሆነ 76። ጣጣ የለውም።

ችግሩ የሚመጣው መሃል አካባቢ ነው። 73.5 እና 74.5 ወደተለያየ ቁጥር ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግን ከምሳ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ነው። የኔ ደንብ ይህ ነው፦ ልካችሁ ከመሃል ነጥቡ አንድ ሴንቲ እንኳ ካልራቀ ቅርብ የሚባለውን ነገር እርሱት። በ72 እና በ76 መካከል ይህ "የጭጋግ ቀጠና" ከ73 እስከ 75 ነው። ከዚያ ውጭ ከሆናችሁ ቅርቡን ውሰዱና ሂዱ። ጭጋጉ ውስጥ ከገባችሁ ግን ውሳኔው ለልብሱ ዓይነት ይለቀቅ።

## ሁለተኛው፦ ሁልጊዜ ወደ ላይ

"ትልቁን ውሰድ፣ ይጠበባል" የሚባለው ነው። የማይለጠጥ ነገር ላይ አሪፍ ምክር ነው።

ከሁሉም በላይ የሚሠራው ለሸሚዝ ኮሌታ ነው። አንገት 38.5 ሴንቲ ከሆነና ኮሌታዎቹ 38 እና 39 ከሆኑ 39ን ሳያመነቱ መውሰድ ነው። ቀድሞውንም ኮሌታ ከአንገት አንድ ሴንቲ ገደማ መስፋት ይገባዋል፤ በዚያ ላይ በአጠባ ይሰበሰባል፣ ማስፋት ደግሞ አይቻልም። የሰንጠረዡ ቁጥር የኮሌታው የራሱ ርዝመት ከሆነ እንዲያውም 40 ላይ መድረስ ነው። ከሹራብ በላይ የሚለበስ ካፖርት፣ ያልታጠበ ሊኖ፣ ጠንካራ ቆብ፣ ሁሉም ወደ ላይ ናቸው። የሰፋ ቆብ ውስጡ ስስ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ተለጥፎበት ይስተካከላል፤ የጠበበው ራስ ምታት ነው የሚሆነው።

ደካማ ጎኑ መደራረቡ ነው። ስትለኩ "ትንሽ ላላ ይበል" ብላችሁ አንድ ሴንቲ ጨመራችሁ፤ ስትመዘግቡ ወደ ላይ አጠጋጋችሁ፤ ስትመርጡ ደግሞ ትልቁን ያዛችሁ። ሰንጠረዡ ራሱ ትርፍ ስፋት አስቦበታል። ውጤቱ የታላቅ ወንድም ልብስ የለበሰ ሰው መምሰል ነው። ትከሻ ላይ ደግሞ ይህ መንገድ ጭራሽ አይሠራም፤ የወረደ ትከሻ በሜትር ሳይሆን ከሩቅ በዓይን ነው የሚታየው።

## ሦስተኛው፦ ሁልጊዜ ወደ ታች

ለሚለጠጥ ልብስ ነው። ላስቲክ ክር የገባበት ጂንስ በተለበሰ ቁጥር ይላላል። ሲገዛ ልክ የነበረው ሲውል ሲያድር ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። የዋና ልብስም ውኃ ሲነካው ይላላል። የስፖርት ታይትስም እንዲሁ፤ ሰውነትን መያዝ ነው ሥራው።

ጡት ማስያዣ እዚህ ጋ ነው የሚመደበው፤ ግን በጥንቃቄ። የአውሮፓው ቁጥር ከጡት በታች ያለውን ዙሪያ ይይዛል፤ 70፣ 75፣ 80 እያለ በ5 ይሄዳል፣ 75 ማለት በግምት ከ73 እስከ 77 ነው። ከጡት በታች 77 የለካች ሴት ወደ 75 ብትወርድ ይሻላታል፤ ምክንያቱም ማሰሪያው በመልበስ ብዛት ይለጠጣል፣ ከኋላም ለማላላትና ለማጥበቅ የተሠሩ ተደራራቢ የመቆለፊያ ረድፎች አሉት። ዘዴው የኩባያውን ስፋት የሚያሳየውን ፊደል አለመርሳት ነው። ቁጥሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ስታደርጉ ፊደሉ አንድ ደረጃ ከፍ ይበል፤ ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉ ፊደሉ ዝቅ ይበል። የ80 ቢ እና የ75 ሲ ኩባያ ስፋታቸው ተቀራራቢ ነው።

የማይለጠጥ ጨርቅ ላይ ወደ ታች ማጠጋጋት ግን "እቀንሳለሁ" ብሎ ልብስ መግዛት ነው። አስተያየት አልሰጥም።

## አራተኛው፦ የሚመራውን ልክ ይዞ ሌላውን ማስጠበብ

ሰውነት አንድ ቁጥር ሆኖ አያውቅም። ሰንጠረዡ እንዲህ ይላል እንበል፦ ቁጥር 38 ደረት 88፣ ወገብ 72፣ ዳሌ 96 ነው። ቁጥር 40 ደረት 92፣ ወገብ 76፣ ዳሌ 100 ነው። አንዲት ሴት ደረቷ 90.5፣ ወገቧ 71.5፣ ዳሌዋ 100.5 ነው። በወገቧ 38 ናት። በዳሌዋ 40። በደረቷ ጭጋጉ ውስጥ ናት።

አማካይ ቢወሰድ "39" ይመጣል፤ እሱ ደግሞ የለም። ትክክለኛው ጥያቄ ልብሱን የሚሸከመው የትኛው የሰውነት ክፍል ነው የሚለው ነው። ሱሪ ከሆነ ዳሌ ይመራል፤ 40 ገዝታ ወገቡን 4.5 ሴንቲ ታስጠብበዋለች። ይሄ ወደ ጣሪያው እየቀረበ ነው። ከ5 ሴንቲ በላይ ከኋላ መሃል ከጠበበ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ወደ መሃል ይሳባሉ፣ ቅርጹም ይበላሻል። ከታች ሰፊ የሆነ ጉርድ ከሆነ ግን ዳሌው እንደልቡ ነው፤ ወገብ ይመራል፣ 38 ይበቃታል። ሸሚዝ ከሆነ ደረት ይመራል፤ ጨርቁ የማይለጠጥ ከሆነ 40።

ኮት ላይ ትከሻ ይቀድማል። የአውሮፓ የወንዶች ኮት ቁጥር የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው፤ ደረቱ 100 የሆነ 50 ይለብሳል። ደረቱ 98 የሆነ ሰው 49 ይመጣበታል፤ የሚሸጠው ግን 48 እና 50 ነው። እዚህ ላይ ደረቱን ትቶ ሁለቱንም ለብሶ ትከሻውን ማየት ነው። ስፌቱ የትከሻው አጥንት የሚያበቃበት ላይ የሚያርፈው ያሸንፋል። ጎኑ በኋላ ይጠበባል።

በፓተርን (ጨርቅ ለመቁረጥ በወረቀት በተዘጋጀ የልብስ ቅርጽ) ራሳቸው የሚሰፉ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ናቸው። ሙሉው የደረት ዙሪያ ከጡት በላይ በብብት ሥር ከሚለካው ከ5 ሴንቲ በላይ ከበለጠ ቁጥሩ በብብት ሥር ባለው ልክ ይመረጥና የፊቱ ጨርቅ ብቻ ስፋት ይጨመርለታል። አለበለዚያ አንገትና ትከሻው ክፍት ይሆናል።

## አምስተኛው፦ ሰውነትን ትቶ ልብስን መለካት

ለብሰው ሳይሞክሩ ለሚገዙት ነገር እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ "ይሄ ልኬ ነው" የምትሉት ልብስ አለ። አውጡትና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ቁልፉን ቆልፉ፣ ጨርቁን በእጃችሁ አስተካክሉ እንጂ አትሳቡት። ከብብት እስከ ብብት ለኩና በሁለት አባዙ። ለሱሪ ወገቡን ጫፍ ለጫፍ አጋጥማችሁ ለኩና እሱንም በሁለት አባዙ። ከዚያ ከአዲሱ ልብስ ልክ ጋር አስተያዩ።

ጥቅሙ ትርፍ ስፋት፣ ምቾት፣ ምርጫችሁ ሁሉ ቁጥሩ ውስጥ ገብቶ መምጣቱ ነው። ሌብል ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ማመን አያስፈልግም። 32 ተብሎ የተጻፈበት ሱሪ ወገቡ ሲለካ 34 ኢንች የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ አምራቾች ቁጥሩን ዝቅ አድርገው ሲያሞካሹን እኛም ደስ ብሎን እንገዛለን።

ሁለት ነገር ይጠበቅ። ተዘርግቶ ሲለካ ግማሽ ሴንቲ ብትስቱ በሁለት ሲባዛ አንድ ሴንቲ ይሆናል። ደግሞም ጨርቁ ከጨርቁ ይመሳሰል፤ የሚለጠጥ ቲሸርት ለክቶ የማይለጠጥ ሸሚዝ መግዛት አይሆንም።

በልክ ማሰፋት ስድስተኛ መንገድ ነው ብንል ይቻላል፤ ግን እዚያ ማጠጋጋት የሚባል ነገር ስለሌለ ከንጽጽሩ ውጭ ነው። ከሁለት ቁጥር በላይ የሚለያይ ሰውነት ላለው ሰው ግን ገዝቶ ሁሉን ነገር ከማስፈታት ይልቅ ማሰፋቱ ይቀላል።

## በአንድ እይታ

| መንገድ | የሚሻለው ለ | የማይሆነው ለ | ስህተቱ ይስተካከላል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ወደ ቅርቡ | ቲሸርት፣ ላላ ያለ ልብስ፣ ከመሃል ነጥብ የራቀ ልክ | ጭጋግ ቀጠና ውስጥ ያለ ልክ | አንዳንዴ | የለም |
| ወደ ላይ | ኮሌታ፣ ካፖርት፣ ያልታጠበ ጥጥና ሊኖ፣ የልጆች ልብስ | ትከሻ፣ የሚለጠጥ ልብስ | አብዛኛውን ጊዜ አዎ | ምናልባት ማስጠበቢያ |
| ወደ ታች | ላስቲክ ያለው ጂንስ፣ የዋና ልብስ፣ ታይትስ፣ ጡት ማስያዣ | የማይለጠጥ ማንኛውም ነገር | አይ | የለም፣ ካልተሳሳቱ |
| የሚመራውን ልክ ይዞ ማስጠበብ | ሱሪ፣ ኮት፣ ቀሚስ | ጥልፍ ወይም ጌጥ የበዛበት ልብስ | አዎ፣ እስከ 5 ሴንቲ ገደማ | የልብስ ሰፊ ዋጋ |
| ልብስን መለካት | ለብሰው ሳይሞክሩ የሚገዛ ነገር | የልብሱ ልክ ካልተጻፈ | ስህተቱ ቀድሞውንም ትንሽ ነው | ጥቂት ደቂቃ |

## ለማን የቱ?

በርቀት የምትገዙና መመለስ የማትችሉ ከሆነ አምስተኛውን ያዙ። ሻጩ የሰውነት ሰንጠረዥ ብቻ ካለው "የልብሱ የራሱ ወገብ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካልሰጠና ጨርቁ የማይለጠጥ ከሆነ ወደ ላይ ሂዱ።

ለማስጠበቢያ የምታወጡት ካላችሁ አራተኛው ከሁሉም የተሻለ ልብስ ይሰጣችኋል። ለሥራ፣ ለሠርግ፣ ለረጅም ጊዜ የሚገዛ ነገር ከሆነ የልብስ ሰፊውን ዋጋ ከልብሱ ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡት። ርካሽ ቲሸርት ላይ ግን አታስቡት።

የምታወጡት ከሌለ ጭጋግ ቀጠና ውስጥ ያለ ልብስን ዝም ብሎ ማለፍም ምርጫ ነው። ሌላ አምራች ቁጥሮቹን ሌላ ቦታ ላይ ይጀምራል። በአንዱ ሰንጠረዥ መሃል የወደቀ ወገብ በሌላው ቁጥሩ ላይ ቁጭ ሊል ይችላል።

ክብደታችሁ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ወይም እርጉዝ ከሆናችሁ ስለ ማጠጋጋት አትጨነቁ። ወገቡ በላስቲክ ወይም በገመድ የሚስተካከል ልብስ ፈልጉ።

ልጆች ላይ ደግሞ ነገሩ ቁመት ነው። የአውሮፓ የልጆች ቁጥር 98፣ 104፣ 110፣ 116 እያለ በ6 ሴንቲ ይሄዳል፤ ቁጥሩ የልጁ ቁመት ነው። ቁመቱ 106 የሆነ ልጅ በሂሳብ ለ104 ይቀርባል፤ ግን ብዙ ሰንጠረዦች 110ን ከ105 ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፣ ልጁም እያደገ ነው። 110 ይወሰድ። 116 ግን አይወሰድ፤ የሱሪው እግር ቢታጠፍም አንገቱና ትከሻው አይታጠፍም። የ110ሩን ሱሪ እግር ስታሳጥሩ ጨርቁን አትቁረጡት። ወደ ውስጥ እጠፉና በላላ የእጅ ስፌት ያዙት፤ ልጁ ሲረዝም ክሩን ስባችሁ ታወርዱታላችሁ።